የፊት ጎማዎቹ ከታደሱ በኋላ

አርሊስ ትቬት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ከተፈቀደላት ፍጥነት አልፋ አታውቅም። ከኋላዋ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ቢያንባርቁ፣ ገበሬዎች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ስሟን በማይጻፍ ቃል ቢያጅቡት፣ እርሷ መሪዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ንግሥት በሠረገላዋ እንደምትሄድ ትሄድ ነበር። ጡረታ በወጣች ዕለት በዚያ ወረዳ ብዙ ነገር የማያስማማው ሕዝብ በአንድ ነገር ተስማማ፤ ዝግታን እንደ አርሊስ በክብር የያዘ ሰው በአዮዋ ምድር አልተወለደም።

እንዲህ ያለችው ሴት በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ በሚደረገው የአሮጌ ትራክተሮች ትርኢት የዝግታውን ውድድር ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ብታሸንፍ የሚገርም አልነበረም። ውድድሩ ቀላል ነው። ሠላሳ እርምጃ በሚሆን የታጨደ ሣር ላይ ኖራ ይሰመራል፤ ትናንሾቹ የጓሮ ትራክተሮች በረድፍ ይቆማሉ፤ ደወል ሲደወል ይነሣሉ፤ ከሁሉ በኋላ የደረሰው ያሸንፋል። ፍሬን መንካት ክልክል ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ክልክል ነው። ሞተሩ የጠፋበት ወይም ጎማው ለአንድ አፍታ የቆመበት ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ከመስመሩ ይወጣል።

ለሌላው ሰው ይህ የከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነበር። ለአርሊስና ለታናሽ ወንድሟ ለኖሪስ ግን ጨዋታ አልነበረም።

አርሊስ የምትጋልበው ትራክተር የአባታቸው የኦስካር ነው። ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ፣ ቀይ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ኦስካር ከስድሳ ዓመት በፊት አዲሱን ገዝቶት በሙቀቱ ወራት ሣር አጨደበት፣ በጸደይ አትክልት ቦታውን አረሰበት፣ በብርዱ ወራት በረዶ ገፋበት። ሽማግሌው ሲሞት መሬቱን ለኖሪስ፣ ቤቱን ለአርሊስ ተናዝዞ ትራክተሩን ግን ረሳው።

“መንዳት የተማርኩት በእሱ ላይ ነው” አለ ኖሪስ።

“የተማርከው አጥር ማፍረስ ነው” አለች አርሊስ። “አጥሩን የጠገንኩት እኔ ነኝ።”

አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ሳይነጋገሩ ከረሙ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዳቸው በግራ ሌላቸው በቀኝ መቀመጥ ጀመሩ፤ ፓስተሩም በየትኛው በኩል እያየ እንደሚሰብክ ግራ ገባው። በመጨረሻ ሁለቱም የሚፈሯት የኖሪስ ሚስት ዶሪን ወጥ ቤቷ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጣ ውል አጻፈቻቸው። ወረቀት ፍለጋ ብትነሣ አንዱ ሊያመልጣት ስለሚችል ውሉ የተጻፈው በእጇ በነበረው የበቆሎ ዘር ከረጢት ጀርባ ላይ ነው። በዝግታው ውድድር ከሁለቱ የበለጠው የአባታቸውን ትራክተር እስከሚቀጥለው ዓመት ይዞ ይቆያል፤ የያዘውም ሰው የሚወዳደረው በዚያው በአባታቸው ትራክተር ነው፤ ሌላው ያለውን ይዞ ይመጣል። ፈረሙ። ተነጋገሩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትራክተሩ ከአርሊስ ጋራዥ አልወጣም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ኖሪስ ከውድድሩ ቦታ እያጉረመረመ ተመልሷል።

በአሥረኛው ዓመት፣ ትርኢቱ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የትርኢቱ ማኅበር መርማሪ ሜልቪን ክሩገር እንደ ልማዱ ተወዳዳሪዎቹን ለማየት በየቤቱ ዞረ። ሜልቪን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲንበረከክ ጉልበቱ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተው የአርሊስ ድመቶች ሸሹ። የግራውን የፊት ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ጎማው ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ፣ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ተወዛወዘ።

“አርሊስ፣ ይህ ጎማ ወደ ሁለት አገር ነው የሚሄደው።”

“ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ላይ ደርሰዋል።”

“ቀኙን እንይ።” ነቀነቀው። “ይኼኛው ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር።”

“ሜልቪን፣ ውድድሩ እኮ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሕፃን ልጅ በዳዴ ይቀድመኛል! ጎማው ወልቆ ቢወድቅ እንኳ ማንን ይገድላል?”

“ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።”

“አንተ ነህ እንጂ!”

ሜልቪን ትንሽ አሰበ። “እውነትሽን ነው፤ እኔ ነኝ። እንግዲያው አውቀዋለሁ ማለት ነው። የፊት ጎማዎችሽን ካላደስሽ አትወዳደሪም።”

ካልተወዳደረች ደግሞ ከሁለቱ ኖሪስ ብቻውን ይወዳደራል፤ ብቻውን የተወዳደረ ያሸንፋል፤ የአባቷም ትራክተር ከጋራዡ ይወጣል። አርሊስ ሜልቪንን ሸኝታ ሳትውል ሳታድር ክሪኩን ከትራክተሩ ሥር አስገባች።

ጎማዎቹ በቀላሉ አልወጡም። ዝገት ከዘንጉ ጋር አንድ አካል አድርጓቸው ነበርና አርሊስ ጠዋትና ማታ ዘይት እያንጠባጠበች፣ በመዶሻ ቀስ አድርጋ እየመታች፣ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው ሦስት ቀን አስታመመቻቸው። በአራተኛው ቀን የግራው ጎማ ድንገት ሲለቅ አርሊስ ጎማውን እንዳቀፈች በቂጧ ወደቀች፤ እዚያው ተቀምጣም ውስጡን አየች። ጎማው በዘንጉ ላይ የሚዞረው በተራ የብረት ቀለበት ነበር። አሸዋና ዓመታት ቀለበቱን በልተውት ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንቁላል ሆኗል። በስድሳ ዓመቱ ጎማ ውስጥም አየር የሚይዘው የአባቷ ከላማዳሪያ ተገኘ፤ ዐሥራ አንድ ቦታ ተለጥፏል፤ ከመለጠፊያዎቹ አንዱ ከኦስካር የዝናብ ጫማ የተቆረጠ ነበር። ከላማዳሪያውን ልትጥለው አልቻለችምና በግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለችው።

ቸርኬዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገች። ከዚያም በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ ቀጥሎ በለስላሳው የብርጭቆ ወረቀት አሸቻቸው፤ ዝገት የቆፈራቸውን ጉድጓዶች በስቱኮ ሞላች፤ መልሳ አሸች። ቀጥሎ የመጣው የቀለም ጉዳይ ነው። በዚያ ወረዳ ሰዎች በሃይማኖት ሳይጣሉ በቸርኬ ቀለም ይጣላሉ፤ ገሚሱ ድሮ ከፋብሪካው የወጣው ቀለም የወተት ነው ይላል፣ ገሚሱ የቅቤ ነው ይላል፤ በዚህ ምክንያት ሰርግ ላይ ሳይጠራሩ የቀሩ ዘመዳሞች አሉ። አርሊስ የቅቤ ወገን ናት። ሦስት እጅ ቀባችና ቀለሙ ጠንክሮ እንዲደርቅ ቸርኬዎቹን በወጥ ቤቷ ምድጃ ውስጥ ለዘብ ባለ እሳት አስቀመጠቻቸው። እዚያ አገር ቸርኬ በምድጃ የማይጋግር ትራክተረኛ የለም። ችግሩ በማግስቱ ለእራት የሠራችው የተፈጨ ሥጋ ዳቦ ቀለም ቀለም ማለቱ ነው፤ ቢሆንም በላችው።

ያን ዕለት ኖሪስ መጣ። ኖሪስ ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሰፊ ደረቱ ላይ የቱታ ማንገቻ ተለጥጦ፣ በእጁ የቅቤ ብስኩት ቆርቆሮ ይዞ በጋራዡ በር ቆመ።

“ምነው፣ ብስኩት አመጣህልኝ?” አለች አርሊስ።

“ከብስኩት የሚበልጥ።” ቆርቆሮውን ከፈተ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ፣ እንደ መስተዋት የሚያበሩ፣ በውስጣቸው የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩ አራት ኩሽኔታዎች ነበሩ። “ለእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሁለት። ያንን የተበላ ቀለበት አውጥተሽ ጣይው፣ እህት ዓለም። አባባ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ ያለቅስ ነበር።”

“ኖሪስ፣ አሞሃል?”

“ደኅና ነኝ።”

“እንግዲያው ምን አጥፍተሃል?”

“ሰው ለእህቱ ስጦታ ማምጣት አይችልም?”

“በስድሳ አምስት ዓመት ውስጥ ችለህ አታውቅም!”

ኖሪስ ሳቀና እጅጌውን ጠቀለለ። እውነት ለመናገር ያን ከሰዓት በኋላ እንደ ደግ ወንድም ሠራ። ቀለበቶቹን በሞርሳ አስሮ አወጣላት፤ ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ እያስተካከለ አስገባላት። አርሊስ የገዛቻቸውን አዲስ ጎማዎች በቸርኬዎቹ ላይ ሲያገቡ እርሷ ጠርዛቸውን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባች፣ እርሱ ዙሪያቸውን በቀበቶ አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ ነፋችው። ጎማው ሲነፋ ሲነፋ ቆይቶ ጠርዙ በቸርኬው ላይ ቦታውን ሲይዝ “ጧ!” አለ፤ ኖሪስ ዘለለ፤ አርሊስ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ሦስት ሦስት ሸንተረር ቀጥ ብሎ፣ የቅቤው ቀለም አብርቶ፣ ቀዩ ትራክተር አዲስ ጫማ እንደገዛ ሽማግሌ ቆመ።

አርሊስ ክሪኩን ሳታወርድ የግራውን ጎማ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ጎማው ዞረ፤ ዞረ፤ ድምፅ የለውም፤ ውዝዋዜ የለውም። የወጥ ቤቷን የጊዜ መቁጠሪያ አምጥታ እንደገና ገፋችው። አንድ ደቂቃ ከሩብ።

“አቤት!” አለች። ዓይኗ ውኃ አቀረረ። በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ የተዋጣለት እንደሌለ በልቧ ዐወቀች።

“አቤት ነው” አለ ኖሪስ፤ ቆርቆሮውንም በብብቱ ይዞ በፍጥነት ሄደ።

ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አርሊስ ቤቷ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ሠላሳ እርምጃ ለካችና እንደ ወትሮው ልምምድ ጀመረች። ባለፈው ዓመት ያንን መንገድ የጨረሰችው በሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ነበር። ሞተሩን በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙሩ፣ አስነሣች፣ የመጀመሪያውን ማርሽ አስገባች፣ ሄደች። መጨረሻው ላይ ሰዓቱን አየችና ሰዓቱ የተበላሸ መሰላት። መልሳ ሄደች። ሁለት ደቂቃ ከሃያ። ሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ ስምንት።

ትራክተሩ ላይ እንደተቀመጠች ገባት። እነዚያ የተጣመሙ ጎማዎች፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ እየተሳበ፣ ሣሩን እያረሱና ሞተሩን ከኋላ ጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘውን ያረጀ ችንጋ እያንሸራተቱ፣ ሞተሩን አንገቱን ይዘው ወደ ኋላ ሲጎትቱት ኖረዋል። ዘጠኝ ዓመት ያሸነፈችው በዝግታ ጥበቧ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ እኩሌታው ድል የዝገት ነው! አሁን ያ ልጓም ወልቋል። እርሷ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ በሦስት ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረዳውን ቀርፋፋ ትራክተር ፈጣን አድርጋዋለች።

ገብታ ስልኩን አነሣች።

“ኖሪስ!”

“እህት ዓለም! እንዴት አደርሽ?”

“አንተ እባብ!”

በስልኩ ውስጥ በሩቁ የዶሪን ድምፅ ተሰማ፦ “ነገርኩህ እኮ ታውቃለች ብዬ!”

“ምን አጠፋሁ?” አለ ኖሪስ ጉሮሮውን እየጠረገ። “ጎማው ደኅና አይዞርም?”

“ይዞራል! እንደ ሰይጣን ነው የሚዞረው!”

“ታዲያ ምን ሆንሽ? ሰው ስጦታው በደንብ ሠራ ተብሎ ይሰደባል?”

“ቅዳሜ እንገናኝ” ብላ ዘጋችው።

ዐርብ ጠዋት አርሊስ በጋራዡ ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የፊት ጎማዎቹን እያየች ብዙ ቆየች። መላ አልጠፋትም። ጎማውን አጉድላ መንፋት እንዳትችል ሜልቪን አየሩን በመለኪያ ያያል። ጎማውን በዘንጉ ላይ የሚያስረውን ዳዶ አለልክ ብታጠብቀው ግን ማንም አያይም፤ ኩሽኔታው በጎን ይጨነቃል፤ ጎማው ይከብዳል፤ ትራክተሩም ወደ ቀድሞ ኩርፊያው ይመለሳል። ተነሣች። ቁልፉን አጠለቀችና ጠበቅ አደረገችው፤ እንደገና ጠበቅ። ጎማውን በጣቷ ገፋችው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስትገፋው ግን ጆሮዋን አስጠግታ ነበርና ኩሽኔታው ውስጥ አንዳች ቀጭን ነገር፣ ጥርስ በጥርስ ሲፋቅ የሚሰማውን የመሰለ፣ ሲያቃስት ሰማች። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ቢሄድ ይበላል። ከቀለበቱ ይልቅ በፍጥነት ይበላል። ለሠላሳ እርምጃ ሲባል!

ሠላሳ አንድ ዓመት በየማለዳው አውቶቡሷን ዞራ ሳትመረምር ያልተነሣች ሴት ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ ደኅና ጎማ በእጇ ልታሳምም ቁልፍ ይዛ ቆማለች። “ኧረ አይሆንም” አለች ጮክ ብላ፤ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የተኛችው ድመት ዓይኗን ከፈተች። “ይውሰደው እንጂ እንዲህስ አላደርግም።” ዳዶውን አላላችው። ጎማውን ገፋችው። ድምፅ ሳያሰማ መዞር ሲጀምር እርሷም ቁልፉን ሰቅላ ለነገው ትርኢት ሩባርብ የተባለ ጎምዛዛ ተክል የገባበት ፓይ ልትጋግር ገባች፤ ምድጃውን ግን መጀመሪያ አሸተተችው።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ተሞላ። በአንድ ወገን ትላልቆቹ ትራክተሮች እንደ በሬ ተደርድረዋል፣ በሌላ ወገን የተቀቀለ በቆሎ ይሸጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፓያቸውን በረጅም ጠረጴዛ ላይ አሰልፈዋል። ሜልቪን የአርሊስን የፊት ጎማ ያዘና ነቀነቀ። አልተነቀነቀም። ቸርኬውን ዳሰሰ።

“የቅቤ ቀለም” አለ በቅሬታ። ሜልቪን የወተት ወገን ነው። “ሥራው ግን… አርሊስ፣ በዚህ ወረዳ እንዲህ ያለ ጎማ አላየሁም።”

“ዝም ብለህ ፈርም፣ ሜልቪን።”

ዕጣው አርሊስንና ኖሪስን ጎን ለጎን አቆማቸው። የኖሪስ ትራክተር ቀለሙ የጠፋበት፣ የሞተሩ መክደኛ በሽቦ የታሰረ፣ በሚኒሞ ሲሠራ አስም እንዳለበት ሰው የሚተነፍስ ነበር።

“ለመንገድ ስንቅ ይዘሻል?” አለ ኖሪስ። “ቶሎ ስለምትደርሺ እዚያ ሆነሽ ስትጠብቂኝ እንዳይርብሽ።”

“ያንን ሣል ያለበትን ነገርህን ሐኪም አሳይተኸዋል?”

“ሣሉ እኮ ነው ብልሃቱ!”

ደወሉ ተደወለ። አርሊስ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሚኒሞውን ሞተሩ ሊጠፋ ጫፍ እስኪደርስ አወረደችው፤ ክብደቷን ወደ ፊት ጣለች፤ መሪውን እንደ እንቁላል ያዘች። የፊት ጎማዎቹ ግን ከእርሷ ጋር አልተባበሩም፤ በሣሩ ላይ እንደ ክብ አይብ ቀለል ብለው ተንከባለሉ። በዐሥረኛው እርምጃ ላይ ከኖሪስ አንድ ክንድ ቀደመች፤ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ በሃያኛው ላይ ሦስት ክንድ። ሁለት ትራክተሮች ሞተራቸው ጠፍቶ ወጡ። በግራዋ የኖሪስ ትራክተር ሣለ፤ ዝም አለ፤ ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ አርሊስም ሳታስበው በልቧ “ጥፋ!” አለች። ትራክተሩ እንደገና ሣለና ቀጠለ።

አርሊስ መስመሩን ከወንድሟ በፊት አለፈች። ዞራ አየችው። ኖሪስ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ሕፃን ልጅ ክር በመርፌ ሲያስገባ እንደሚሆነው ሆኖ ወደ መስመሩ ሲሳብ አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከሁሉ በኋላ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ጩኸት ተቀበለው፤ ዶሪን ሮጣ ሄዳ ፓይ በተለጠፈበት አፏ ጉንጩን ሳመችው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ኖሪስ ሹካውን እንደ በትረ መንግሥት ይዞ ሁለተኛውን ቁራሽ ፓይ እየበላ ነበር።

“ልብ በሉ” ይል ነበር ለሚሰማውም ለማይሰማውም፣ “ዝግታ በጡንቻ አይደለም፤ ዝግታ በአእምሮ ነው!”

ሜልቪን መዝገቡን ይዞ መጣ። “ኖሪስ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተወዳዳሪዎችን ልጻፍ። አንተ እንግዲህ በኦስካር ትራክተር ነህ።”

“አዎ፣ በአባ…” የኖሪስ ሹካ አፉ አጠገብ ቆመ።

“በነዚያ የፊት ጎማዎች” አለ ሜልቪን በጭካኔ ሳይሆን ለመዝገቡ ጥራት ሲል።

ኖሪስ ሹካውን አስቀመጠ። እህቱን አየ። አርሊስ ሌላ ቁራሽ ቆርጣ በሳህኑ ላይ አደረገችለት።

“ብላ፣ ወንድሜ” አለች። “ለሚቀጥለው ዓመት ክብደት ያስፈልግሃል።”

ዶሪን ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ወደ ማታ ሳይጠጋ፣ ፀሐይ ገና ከበቆሎው በላይ ሳለች፣ ትራክተሩን ወደ ኖሪስ እርሻ ለመውሰድ ተጎታች ጋሪ ቀረበ። አርሊስ እምቢ አለች። ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እየነዳች ታደርሰዋለች። ቀድሞ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ስትሄድ የፊት ጎማዎቹ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጧት ነበር፤ ስለዚህ ከአባቷ ሞት ወዲህ ሦስተኛውን ማርሽ ነክታው አታውቅም። ከትርኢቱ በር ወጥታ ጠጠሩን መንገድ ስትይዝ ሁለተኛውን አስገባች። ፀጥ ያለ ነበር። ሦስተኛውን አስገባች፤ ነዳጁን ሙሉ ከፈተችው።

ትራክተሩ ሄደ! መሪው በእጇ ውስጥ አልተንቀጠቀጠም፤ ሁለቱ የቅቤ ቀለም ጎማዎች ከፊቷ ቀጥ ብለው መንገዱን ጠቀለሉት፤ በቆሎው በሁለት ወገን እንደ ሰልፈኛ አለፈ፤ የፀጉሯ ማሰሪያ ተፈትቶ ወደ ኋላ በረረ። ዕድሜዋን ሙሉ ያልቸኮለችው አርሊስ ትቬት በስድሳ ስምንት ዓመቷ በብስክሌት ፍጥነት እየበረረች ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች እርሷም አታውቀው። ከኋላዋ ኖሪስ በዚያ በሚሥለው ትራክተሩ ላይ እጁን እያወዛወዘ፣ ከእርሱም ኋላ ዶሪን ፒካፑን የአደጋ መብራት አብርታ እየተከተለች፣ ከትርኢቱ የሚመለሰው መኪና ሁሉ ከዶሪን ኋላ ተሰልፎ ቀረ።

በድልድዩ አጠገብ አቁማ ጠበቀቻቸው። ኖሪስ ሲደርስ ዘና ብላ በድልድዩ አጥር ላይ ተቀምጣ ነበር።

“አባባ ቢያይሽ ፈቃድሽን ይነጥቅሽ ነበር” አለ እያለከለከ፤ ትራክተሩን በእግሩ እየገፋ የመጣ ይመስል ነበር።

“እውነቱን ንገረኝ። ኩሽኔታዎቹን ስትገዛ አስበህበት ነበር?”

ኖሪስ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። “ስገዛቸው አላሰብኩም። እውነቴን ነው፤ ሜልቪን እንዳያስወጣሽ ብዬ ነው የገዛሁት። ከሱቁ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ነው ያሰብኩት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ መልሼ ልሰጣቸው ወደ ሱቁ ዞርኩ። ከዚያ ደግሞ…” ባርኔጣውን ደፋ። “ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው እኮ፣ አርሊስ።”

አርሊስ ከአጥሩ ወርዳ የቱታውን ማንገቻ አስተካከለችለትና ትራክተሯ ላይ፣ አሁን የእርሱ በሆነው ትራክተር ላይ፣ ወጣች።

በኖሪስ ጎተራ ውስጥ፣ በግድግዳውና በመኖ ሳጥኑ መካከል፣ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ስፋቱ ልክ የአባታቸውን ትራክተር ያህል ነው። ሲሚንቶው ተጠርጓል፤ ከዘይት ጠብታ የሚከላከል ካርቶን እንኳ ተነጥፎበታል፤ ካርቶኑ ግን አዲስ አልነበረም፣ ጫፎቹ በዕድሜ ተጠቅልለዋል። አርሊስ ዶሪንን አየቻት።

“በየዓመቱ ከትርኢቱ በፊት ይጠርገዋል” አለች ዶሪን።

አርሊስ ትራክተሩን ወደ ቦታው አስገባችና ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ በጎማዎቹ ላይ የመንገዱን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች።

“ስማ” አለች ለኖሪስ። “ዳዶውን በእጅህ ካጠበቅህ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ። በመዶሻ ብትነካቸው፣ በምንም ነገር እንዲከብዱ ብታደርግ፣ እዚሁ ጎተራ ሥር ነው የምቀብርህ።”

“እሺ።”

“በየሐሙሱ እየመጣሁ አያቸዋለሁ።”

“በየሐሙሱ?” ኖሪስ ሳቀ። “እነዚህ እኮ የታሸጉ ኩሽኔታዎች ናቸው፣ እህት ዓለም። ግራሶ አይሹ፣ እንክብካቤ አይሹ። ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ሃያ ዓመት ማንም አይነካቸውም ይላል።”

“ሳጥኑ አንተን አያውቅህም” አለች አርሊስ፤ ዶሪንም በእራቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስተኛ ሳህን ልትጨምር ወደ ቤት ገባች።